የሥጋ ቤት ካራ እንጨት ሊፈልጥ ሄደ

ዓርብ ንጋት፣ ሰበታ

ሐሙስ ማታ ሰበታ፣ አባቴ ቤት አደርኩ። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ የጫማዬን ክር እያሰርኩ በመስኮት ብመለከት አባቴ ከእኔ ቀድመው የግቢው በር ላይ ቆመዋል። ግራጫ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ ባርኔጣቸውን ደፍተዋል፤ ዱላቸውን ተመርኩዘዋል፤ በብብታቸው ሥር፣ ሥጋ ቤት ይለብሱት በነበረው ነጭ ጋዋን የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር ይዘዋል። ካራው ነው።

ለአንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አባቴን ሰበታ የሚያውቃቸው ኦቦ ቶሎሳ ብሎ ነው። ከጅማ መንገድ ዳር በምትገኝ ቀይ ቀለም የተቀባች አንዲት ክፍል ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥጋ ቆርጠው ሸጠዋል። ዐምና ጉልበታቸው ቆሞ መዋሉን እምቢ ሲላቸው ክፍሏን አከራዩ፤ ዛሬ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጥባታል። እናቴ ዝናሽ ካረፈች ወዲህ በቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ካራው ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው፤ ጀርባው ወፍራም፣ ስለቱ ከመሳል ብዛት የሳሳ። በልጅነታችን እሱን መንካት ክልክል ነበር። እናቴ እንኳ ሽንኩርት ልትከትፍበት ደፍራ አታውቅም።

እኔ በበኩሌ ከጥቂት ወዳጆቼ ጋር አልፎ አልፎ በእግር እጓዛለሁ፤ በድንኳን አድራለሁ። ለማገዶ መጥረቢያ እንዳንይዝ ለጀርባ ሻንጣ ይከብዳል፤ የወጥ ቤት ቢላ ደግሞ እንጨት አይደፍርም። ይህንኑ በስልክ ሳጫውታቸው አባቴ «ካራውን ለምን አናሠራልሽም?» አሉ። የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ደግሜ ጠየቅኋቸው፤ ደግመው ያንኑ አሉኝ። «ቡራዩ ይሠራልናል። ከዚያ ሱሉልታ አብሬሽ ሄጄ ሲፈልጥ አያለሁ።» እኒህ ሰው ከሰበታ እንዲወጡ ስንት ጊዜ ለምነናቸው እምቢ ያሉ ናቸው።

በዚያው ሳምንት ወንድሜ ግርማ ከሐዋሳ ደወለልኝ። «አባዬ ነገር እየተምታታባቸው ነው ይላሉ ጎረቤቶች። መንገድ ላይ በደንብ ተመልከቻቸው። እውነት ከሆነ ቤቱን አከራይተን እኔ ጋ አመጣቸዋለሁ። ቅዳሜ ስትመለሱ ቁርጡን ንገሪኝ» አለ። እሺ አልኩት። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ። ናሙና ይመጣልኛል፤ እመረምራለሁ፤ ውጤቱ ወይ አለ ወይ የለም ነው። የአባትን አእምሮ ግን በምን እንደሚመረምሩት የሚያውቅ ሰው ቢኖር በዚያ ጠዋት ባማከርኩት ነበር።

«አባዬ፣ ቁርስ ሳንቀምስ?» አልኳቸው።

«ዛሬ ዓርብ ነው፤ ጾም ነው» አሉ በሩን እየከፈቱ። ቀኑን በትክክል ያውቁታል። ይህን በልቤ አስቀመጥኩ።

ማለዳ፣ ዓለም ገና

ከሰበታ እስከ ዓለም ገና ያለው መንገድ በዚህ ሰዓት የሠራተኛ ነው። ከደቡብ የመጡ ወጣቶች የምሳ ሳሕናቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ወደ ፋብሪካ በሮች ይጎርፋሉ፤ ባጃጆች በመካከላቸው ይሽሎከሎካሉ፤ ከመጋዘኖቹ ጀርባ የጤፍ ማሳ ቢጫ መሆን ጀምሯል። የሚኒባሱ መስኮት በትንፋሽ ደብዝዟል። እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ ዝም አልኩ። አባቴ ከፊቴ ተቀምጠው ጥቅሉን በጉልበታቸው ላይ አጋድመውታል።

«ፋዘር፣ ያቺን ነገር ወደ ታች አርጓት፤ ሰው እንዳትወጋ» አለ ረዳቱ።

«ተጠቅልላ ተኝታለች» አሉ አባቴ።

«ምንድን ናት?»

«ካራ።»

መኪናው ውስጥ ያለው ወሬ ሁሉ ቀጥ አለ። ከጎናቸው የተቀመጠች የፋብሪካ ሠራተኛ ፈራ ተባ እያለች «ለምንድን ነው አባባ?» ብላ ጠየቀች።

አባቴ ሳያመነቱ አውራ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ለልጄ ሠርግ በሬ ልጥል ነው።»

ከኋላ ወንበር እልልታ ተሰማ። ረዳቱ «ሙሽሪት ከኋላ ናት! አሳልፏት!» እያለ ጣራውን ደበደበ። ሠራተኛዋ ወደ እኔ ዞራ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «እኅቴ፣ እግዚአብሔር ሲያዘገይ ለክብሩ ነው» አለችኝ፤ ዐይኖቿ እንባ ሞልተዋል።

አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሠርግ የለኝም፤ የታሰበም የለም። «አመሰግናለሁ» ከማለት በቀር ምን እንደሚባል አላወቅሁም። የአባቴን ፊት በመስታወት ፈለግሁት። ወደ ውጭ እያዩ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የለም። ቀልድ ከሆነ የሚስቅበት ሰው ያስፈልገዋል። ቀልድ ካልሆነስ? አየር ጤና እስክንደርስ የእልልታው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ረፋዱን አልፎ፣ ቡራዩ

በአየር ጤናና በዊንጌት መኪና ቀይረን ቡራዩ ገባን። የአምቦን መንገድ ይዞ የተዘረጋው ከተማ ግማሹ ሕንፃ፣ ግማሹ ስካፎልዲንግ ነው። ብረት ሠሪው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሠራል። መሬቱ በብረት ፍቅፋቂ ጠቁሯል፤ ግድግዳው ላይ ማጭድ፣ የመቆፈሪያ ራስና የበር መቀርቀሪያ ተሰቅለዋል። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ከመቀመጫው ተነሣ።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ቶሎሳ!» ሲል በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አላቸው።

«ነጋ፤ ሰላም ነው። ዲንቃ፣ እንዴት ነህ?»

ሰውየው ወደ እኔ ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዲንቃ አባቴ ነበር፣ ኦቦ። አርፏል። እኔ ለሚ ነኝ።»

«አውቃለሁ፤ አፈር አልብሼዋለሁ» አሉ አባቴ። «ይህች ቤት የዲንቃ ናት። እዚህ የቆመ ሁሉ ዲንቃ ነው።»

ለሚ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። መልሱ ትክክል ነበር፤ ከስሕተት በኋላ የተበጀ ትክክል ይሁን ከመጀመሪያውም የታሰበ፣ እሱን ግን መለየት አቃተኝ።

ጋዋኑ ተፈታ። ለሚ ካራውን በሁለት መዳፉ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሣው፤ በጥፍሩ መታ አድርጎ ድምፁን አዳመጠ። «ይኼ እኮ ይቆርጣል እንጂ አይፈልጥም። ስለቱ ቅጠል ነው። እንጨት ሲያገኝ ይሸራረፋል። ለምን እንዳለ አይኖርም?»

«አይኖርም» አሉ አባቴ። «ጫፉን ቁረጠው። ስለቱን አወፍረው። እጀታውንም ለውጠው።»

«እጀታውንም? ይኼ እኮ በእርስዎ እጅ ልክ የተቦረቦረ ነው።»

«እሱን ነው ለውጠው የምልህ።»

ሥራው ሲጀመር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ተመለከትሁ። ለሚ ሦስት ጣት የሚያህል ከጫፉ ለካና በግራይንደር ቆረጠው፤ ብልጭታው እስከ መንገዱ ተረጨ። ብረቱ ሲግል ቶሎ ቶሎ ውሃ ባልዲ ውስጥ ይነክረዋል፤ አለዚያ ጥንካሬው ይሞታል አለኝ። ከዚያ የሳሳውን ስለት ወደ ኋላ እየበላ፣ እንደ መጥረቢያ አፍ ደልደል ያለ ዳር አበጀለት። ጠባብ፣ ሾጣጣና አስፈሪ የነበረው ነገር አጭርና ደንደን ያለ ሆነ። አባቴ ብልጭታው እየነካቸው እንኳ አልተንቀሳቀሱም። ጫፉ ተቆርጦ መሬት ሲወድቅ ግን ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«ግን ለምንድን ነው የሚሆነው?» ሲል ለሚ ከሥራው ቀና አለ።

«ለእሷ። ጫካ ታድራለች።»

«ቤት የላትም እንዴ?»

«አላት። ሁለት መኝታ ክፍል። ባኞ ቤት ሳይቀር አላት።»

«ታዲያ?»

«እኔም እሱን ነው የማላውቀው» አሉ አባቴ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ፤ ለሚ በርኅራኄ። ስለ ንጹሕ አየር፣ ስለ ዝምታ፣ ስለ ከዋክብት ልነግራቸው አስቤ ነበር። ሁሉም በአፌ ውስጥ ሲዘጋጁ ሞኝነት መሰሉኝና ተውኳቸው።

ለሚ አዲሱን የወይራ እጀታ በሁለት የብረት ችንካር እስኪያጣብቅ ድረስ መንገዱን ተሻግረን ምሳ ቤት ገባን። አስተናጋጇ ስትመጣ አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ግማሽ ኪሎ ቁርጥ፤ ከሻኛው ቀላቅለሽ» አሉ።

 በዓርብ ሥጋ በአፋቸው ገብቶ አያውቅም። ሥጋ ቤታቸው ረቡዕና ዓርብ ዝግ ነበር፤ ካራውም ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ታጥቦ ይጠቀለላል።

«አባባ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው» አለች አስተናጋጇ።

«አውቃለሁ። ትሸጡ እንደሆን ልይ ብዬ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ጥሩ ቤት ነው። በያይነቱ እዘዢ።»

በያይነቱ መጣ፤ የምስር ወጡ በርበሬው በዝቷል፤ ጎመኑ ጥሩ ነው። ከጠዋት ጀምሮ በልቤ ያስቀመጥኋቸውን ነገሮች መልሼ ለመደርደር ሞከርኩ። ቀኑን ያውቃሉ። ሠርግ የሌላትን ልጅ ዳሩ። የሞተን ሰው ጠርተው መሞቱን መሰከሩ። በጾም ሥጋ አዘው ጾሙን አስከበሩ። ውጤት ጻፊ ብባል ብዕሬን አስቀምጬ እወጣ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ሱሉልታ አቀበት

ከአዲሱ ገበያ የጎጃምን መንገድ ይዘን ሽቅብ ወጣን። ባሕር ዛፉ በሁለቱም በኩል ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፤ የጭራሮና የቅጠል ሸክም የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ይወርዳሉ። አቀበቱን ጨርሰን ቁልቁለቱን ስንጀምር ፍተሻ ገጠመን። ሁላችንም ወረድን። የሴቶቹን ሻንጣ የምትፈትሸው ወጣት የእኔን ዚፕ ከፈተች፤ ጋዋኑን ገለጠች፤ ቀና አለች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ሙያዬ ጠንቃቃ አድርጎኛልና የተሟላ መልስ ሰጠኋት። «ቀደም ሲል የሥጋ ቤት ካራ የነበረ፣ በአሁኑ ጊዜ ለካምፕ ማገዶ መፍለጫ እንዲሆን የተሻሻለ ዕቃ ነው።»

«ገጀራ ነው በይኛ።»

«ገጀራ እንኳ አይደለም፤ ገጀራ ርዝመቱ…»

«ሴትዮ፣ ስሙ የማይታወቅ ስለት ይዘሽ ነው የምትሄጂው?»

ጠዋት ሙሉ ካራ ሳለ ማንም አልከለከለውም፤ እንዲያውም እልል ተብሎለታል። አሁን ግማሹን አደጋ ቡራዩ ጥለነው መጥተን ወንጀለኛ መሰልን። ሰዎች ከእኔ ራቅ ራቅ ማለት ጀመሩ። አባቴ ከወንዶቹ ሰልፍ ወጥተው መጡ።

«ልጄ፣ ሥጋ ቆራጭ ነኝ። የእኔ ነው።»

«ሥጋ ቆራጭ ከሆኑ ጫፉ የታለ? ያለ ጫፍ በምን አጥንት ይለያሉ?»

የአባቴ ፊት ድንገት በራ። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«አጎቴ ፍቼ ሥጋ ቤት አለው።»

«አይ! ታውቂያለሽ ማለት ነው። በቃ እውነቱን ልንገርሽ። ይህች ልጄ ናት። ቤት እያላት ጫካ ታድራለች። እንጨት ትፈልጥበታለች።»

ፈታሿ ከጫማዬ እስከ ፀጉሬ በቀስታ ተመለከተችኝ። «ምን ሆና?» አለች ለአባቴ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል።

«እሱን ላይ ነው የምሄደው።»

ዕቃው ከሾፌሩ ዘንድ እንዲቀመጥና ስንወርድ እንዲሰጠን ተወሰነ። መኪናው ሲንቀሳቀስ አባቴ «ጎበዝ ልጅ ናት፤ ጫፉን አየች» እያሉ ደጋግመው አደነቁ። እኔ ግን «እሱን ላይ ነው የምሄደው» ያሉት ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሱሉልታ እስክንደርስ ስፈታው ነበር።

አመሻሽ፣ ሱሉልታ

የሱሉልታ ሜዳ ስፋቱ ዐይን ይወስዳል። የድርቆሽ ክምሮች በየማሳው ቆመዋል፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ከሩቅ ሦስት ሯጮች በአንድ እርምጃ እየተራመዱ ያለ ድምፅ አለፉ። የምናርፍበት ሜዳ የኦቦ ደበላ ነው፤ በየዓመቱ እዚያው ድንኳን እንድንተክል የሚፈቅዱልን፣ ደረቅ ግንድም የሚሸጡልን ገበሬ ናቸው። ወዳጄ ሰሚራ ከሌሎቹ አራት ወዳጆቼ ጋር ቀድማ ደርሳ ድንኳኖቹን ተክላለች። ሰሚራ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ከሁላችን ይበልጥ የምትስቀው እሷ ናት።

አባቴ ድንኳኔን ዞሩት። ሸራውን በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ። «ይኼ ነው ቤቱ?»

«አዎን፣ አባዬ።»

«ጅብ ቢመጣ በሩን አንኳኩቶ ነው የሚገባው?»

«አይመጣም፣ ኦቦ» አለች ሰሚራ ወደ እኔ እየጠቆመች። «ጽጌ ስታንኮራፋ ይሸሻል።»

አባቴ ከት ብለው ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ካየሁ ቆይቻለሁ።

ከዚያ መፍለጡ መጣ። ለሚ እንዳሳየን ስለቱን ከግንዱ ራስ ላይ አሳርፈን ጀርባውን በወፍራም ዱላ መምታት ነው። እኔ ሞከርኩ፤ ስለቱ ገብቶ ተቀረቀረ። አባቴ ካፖርታቸውን አውልቀው ነጩን ጋዋን ለበሱ። ግንዱን ወዲያ ወዲህ አገላበጡት፤ በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ጭረቱን ተከትለው አንድ ቦታ መረጡ። በአንድ ምት ለሁለት ተከፈለ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። አዲሱ ዕቃ ለአዲሱ ሥራ ተስማማው፤ እንደ መጥረቢያ ትከሻ አይፈጅም፤ ቀጫጭኑን ለማቀጣጠያ ሲሰነጥቅ እንዲያውም ከመጥረቢያ ይበልጣል።

ወዳጆቼ ከበቧቸው። አባቴ አንዱን ፍልጥ በእጃቸው መዝነው «ወረፋው የማን ነው?» አሉ።

«የእኔ!» አለች ሰሚራ።

«ሽንጥ ነው ጎድን?»

«ጎድን ይሁንልኝ፣ ኦቦ። አጥንቱ ይብዛ!»

«በጥቅምት አንድ አጥንት ነው። አንድ ብቻ።» ፍልጡን ሰጧት። ለቀጣዩ ሰው ዳቢት ሰጡ፤ ለሌላው ሻኛ። ኦቦ ደበላ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ «ለእኔስ፣ ለባለ መሬቱ?» ሲሉ አባቴ ትልቁን ጉቶ አንስተው «ታላቅ! የክብር ብልት!» ብለው አሸከሟቸው። ሜዳው በሳቅ ተሞላ። እኔም መሳቅ ጀመርኩ፤ ጨዋታ መሆኑ ታወቀኝ።

አባቴ ስለቱን በጋዋናቸው ጠረጉ። ወደ ሰሚራ እጃቸውን ዘረጉ። «ዝናሽ፣ ጨው አቀብይኝ።»

ሳቁ ቆመ። ሰሚራ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። የእናቴን ስም ታውቃለች። አባቴ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ፤ ከዚያ እጃቸውን አዩት፤ ሰሚራን አዩ፤ ሜዳውን አዩ። ዕቃውን በቀስታ ከፍልጦቹ ላይ አስቀመጡት።

«እሷ ነበረች ጨው የምታቀብለኝ» አሉ ለማንም ሳይሆን።

ፀሐይዋ ከኮረብታው ጀርባ ስትገባ ውሃ ልቀዳ ወደ ኦቦ ደበላ ግቢ ሄድሁ። አባቴ የሚያድሩት በእሳቸው ቤት ነው። ከድርቆሹ ክምር ማዶ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ስልክ ሲያወሩ እንደሚጮኹ ሁሉ ይጮኻሉ።

«አየኋት እኮ ነው የምልህ፣ ግርማ! … አዎ፣ ድንኳን ነው፤ ሸራ! … እንዴ፣ አላበደችም! ሰው አላት። የሚያስቃት ሰው አላት። አንተ ብቻዋን ናት፣ ዝምታዋ በዝቷል፣ ሄደው ይዩዋት ብለህ ያስፈራራኸኝን ያህል አይደለም…»

ጀሪካኑን መሬት አስቀመጥኩ። ወንድሜ አባቴን እንዳያቸው ላከኝ፤ እኔን እንዲያዩኝ ደግሞ አባቴን ላካቸው። ቀኑን ሙሉ እኔ እሳቸውን ስመዝን እሳቸው እኔን ሲመዝኑ ነበር። መናደድ ይገባኝ ነበር መሰለኝ። ሳላስበው እዚያው ድርቆሹ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ወዲያውም የተዘረጋው እጃቸው ትዝ አለኝና ሳቄ ተቋረጠ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሱሉልታ

ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ አደረ። ወዳጆቼ ገና ከድንኳናቸው አልወጡም። አባቴ እሳቱ ዳር ተቀምጠው ረመጡን ሲቆሰቁሱ አገኘኋቸውና ከጎናቸው ተቀመጥሁ።

«አባዬ፣ ግርማ ስለ እኔ ምን አለዎት?»

«አንቺንስ ስለ እኔ ምን አለሽ?»

ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ሐዋሳንም፣ ቤቱንም። እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ማውራት አልችልበትም፤ እሳቱን እያየሁ ነው የተናገርኩት። 

«እውነቱን ነው» አሉ አባቴ። «ይጠፋብኛል። ሁልጊዜ አይደለም። ሲጠፋብኝ አንዳንዱን በቀልድ እይዘዋለሁ። አንዳንዱን ትናንት እንዳየሽው አላመልጠውም።»

«ሠርጉስ? ሚኒባስ ላይ ያሉት?»

አሰቡ። «እሱ ቀልድ ነበር መሰለኝ» አሉ።

ሌላውንም ልጠይቃቸው የፈለግሁት ከስልኩ ቀን ጀምሮ ነበር። «ካራውን ለምን ሰጡኝ? ማንም እንዲነካው አይፈልጉም ነበር።»

ረመጡን መቆስቆሳቸውን ተዉ። «አንድ ጠዋት ተነሣሁ። ቅዳሜ ነበር፤ ገበያ የሚሞቅበት። ጋዋኔን ለበስኩ፤ ካራዬን ያዝሁ፤ ሥጋ ቤት ሄድሁ። በሩ ላይ ስደርስ ሥጋ የለም። የስልክ ቤት ነው። አንዲት ሴትዮ ልጇን አቅፋ ቆማለች፤ ታየኛለች፤ እኔ ካራ ይዣለሁ። የት እንዳለሁ አላውቅም። ጮኸች።» ትንፋሻቸው በብርዱ ውስጥ ተነነ። «ያ ተከራይ፣ ስልክ የሚሸጠው፣ ወጣ። 'ኦቦ፣ ዛሬ አልከፈቱም እኮ፣ ጉልበትዎን አሞዎታል' አለኝ። ካራዬን ከእጄ ተቀበለኝ፤ ክንዴን ይዞ ቤት አደረሰኝ። ለማንም አልተናገረም። ለግርማም የነገረው እሱ አይደለም።»

አንድ ፍልጥ ረመጡ ላይ ጨመርኩ።

«እኔ ብረሳ እንኳ እጄ አይረሳም፣ ጽጌ። ያንን እጀታ ሲጨብጥ ራሱ ይዞኝ ይሄዳል። መጣል አልቻልኩም፤ ብሸጠው ገዢው ሰፈር ውስጥ ነው። እጄ የማያውቀው እንዲሆን ፈለግሁ። አንቺም ጫካ ስታድሪ ባዶ እጅሽን አትሆኚም።»

«ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም?»

«ነግሬሽ ቢሆን ትናንት ሐዋሳ ነበርኩ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ስሚኝ። ሐዋሳ ልጄ አለ፤ የልጅ ልጆቼ አሉ። ግን ከበሩ ወጥቼ ብጠፋ ማን ነው የሚያውቀኝ? አንድ የጠፋ ሽማግሌ ነኝ። ሰበታ ብጠፋ ኦቦ ቶሎሳ ነኝ።»

ሰሚራ ከድንኳኗ ራሷን አወጣችና «ኦቦ፣ አካም ቡልተን! የትናንቱ ጎድን አልቆብኛል» አለች። አባቴ ተነሥተው ፍልጥ መረጡላት።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰበታ

መልሱን መንገድ ብዙም አላወራንም። በመጣንበት ተመለስን፤ ሚኒባስ ለውጠን፣ ዓለም ገናን አልፈን። አባቴ ጥቂት ተኙ። እኔ ደግሞ ለግርማ የምለውን አዘጋጀሁ፤ አፈረስኩ። ሐዋሳ ቢሄዱ በወንድሜ ቤት ውስጥ ሰው አያጡም። ሰበታ ቢቀሩ ሌሊት ላይ ማን አላቸው? ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም አያስተኛም።

መውረጃው ላይ ስንደርስ ሻንጣዬን ተሸከምኩና ሆን ብዬ ከኋላቸው ቀረሁ። አባቴ ዱላቸውን እየመቱ ቀድመው ሄዱ። የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ በአህያ፣ በባጃጅና በቲማቲም ክምር ተጨናንቋል። ሁለት ጊዜ ሰላምታ ሰጥተው ተቀበሉ። ከቤታቸው በፊት ካለው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ወደ ግራ አዩ። ወደ ቀኝ አዩ። ዱላቸው አየር ላይ ቀረ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመላለሱበት መንገድ ነው። ሮጬ ክንዳቸውን ልይዝ አንድ እግሬን አነሣሁ፤ ራሴን ያዝሁ።

ከመታጠፊያው ዳር ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ነበረች። እጇ ሚዛን ላይ ነው፤ ለደንበኛ እየመዘነች ነው። ቀና እንኳ በቅጡ ሳትል በአገጯ ወደ ቀኝ ጠቆመች።

«በዚህ ነው፣ ኦቦ ቶሎሳ።»

«ገለቶሚ» ብለው አመሰገኗት አባቴ፤ ወደ ቀኝ ታጠፉ። ሴትዮዋ ቲማቲሟን መመዘኗን ቀጠለች። ደንበኛዋም ዞራ አላየችም። ምን ያህል ጊዜ እንዲህ እንዳደረጉ አላውቅም፤ እንግዳ ነገር እንዳልሆነላቸው ግን ግልጽ ነበር።

ስልኬ ጠራ። ግርማ ነው።

«ደረሳችሁ? ታዲያ፣ ምን ልበል? ሐዋሳ ክፍላቸውን ላዘጋጅ?»

አባቴ በሩን ደርሰው ቁልፋቸውን ከካፖርታቸው ኪስ ሲፈልጉ ከሩቅ ይታዩኛል። የትኛው ቀልድ፣ የትኛው መርሳት እንደነበር አሁንም ለይቼ መናገር አልችልም፤ ብጠየቅ እሳቸውም የሚችሉ አይመስለኝም።

«ግርማ» አልኩት፣ «አባዬ ይጠፋሉ። ያልከው እውነት ነው። ግን የትም አይሄዱም።»

«ታዲያ ብቻቸውን?»

«ብቻቸውን አይደለም። እኔ እመጣለሁ። ከዚህ ወደ ሥራዬ እመላለሳለሁ።»

 ወንድሜ ሳቀ፤ ሳቁ ከመደንገጥ ያልራቀ ነበር። «ትናንት ማታ አባዬ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? 'ጽጌን ብቻዋን አዲስ አበባ አልተዋትም፤ ሰበታ ላመጣት ነው' ነው ያሉኝ።»

አባቴ ቁልፉን አገኙ። በሩን ከፍተው ዞር አሉና እጃቸውን አወዛወዙልኝ። «ግቢ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ገባሁ።